ነጻሪ፣ ኀላዪ፣ ነባቢ፦ «ቲዎሪ» ስለሚያወጡ ሰዎች የምንናገርባቸው ቃላት ትርጕምና አጠቃቀም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ነጻሪ» ነጸረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስም ነው። ነጸረ ማለት አየ፣ ተመለከተ፣ አተኵሮ አስተዋለ ማለት ሲሆን፣ ነጻሪ ደግሞ የሚያይ፣ የሚመለከት ማለት ነው። ከዚሁ ግሥ ነጽሮት፣ ንጻሬ፣ መነጽር የሚሉት ይወጣሉ። ዐይናቸው የደከመ አባቶች ዳዊት ሲደግሙ የሚያደርጉት መነጽርና በቅዱሳን መዓርጋት መጨረሻ ላይ የሚገኘው ነጽሮተ ሥላሴ የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ቃልና ዘመዶቹን፣ ማለትም ኀላዪን፣ ነባቢን፣ ፈላስፋንና መናፍቅን፣ እንዲሁም በኋላ ዘመን የመጡትን ንድፈ ሐሳብና መላ ምት የሚሉትን እንመለከታለን። ሁሉም ዛሬ ከውጭ ቋንቋ ወስደን «ቲዎሪ» ከምንለው ነገር ጋር በአንድም በሌላም መንገድ ይገናኛሉ።

በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ በምናገለግልባቸው የሰንበት ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ወጣቶች አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ወይም ራሳቸው በብረታ ብረትና በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። በሥራ ቦታቸው «እሱ ቲዎሪ ነው» ሲባል የሚሰሙት ለነቀፋ ነው፤ እጁ ሥራ ስለማያውቅ ነገር ግን ብዙ ስለሚናገር ሰው ይነገራል። በማታ ትምህርት ክፍላቸው ደግሞ ያው ቃል በታላላቅ ሊቃውንት ስም ላይ ተቀጥሎ ለክብር ሲነገር ይሰሙታል። ከእነርሱ አንዱ «ቲዎሪስት የሚባለውን በእኛ ቋንቋ ምን እንበለው? ምስጋና ነው ወይስ ስድብ?» ሲል ጠይቆን ነበር። ጥያቄው የቃል ብቻ ጥያቄ አይደለም። ማንን በምን ስም እንደምንጠራ ካላወቅን ማንን ማመን እንዳለብን መለየትም ያስቸግረናል።

በጽርእ ቋንቋ የነበረው መነሻ

በጥንቶቹ የግሪክ ከተሞች በሌላ አገር ታላቅ በዓል ሲከበር ከተማይቱ መልእክተኞች ትልክ ነበር። የመልእክተኛው ሥራ ሄዶ በበዓሉ መገኘት፣ ማየት፣ ተመልሶም ያየውን ለላኩት መንገር ነበር። ይህ ሰው «ቴዎሮስ» ይባላል፤ ማየቱም «ቴዎሪያ» ይባላል። ፈላስፎቹ በኋላ ቃሉን ከሥጋ ዐይን ወደ ልቡና ዐይን አሻገሩት፤ በሐሳብ መመልከትን፣ የነገርን ሥር ማስተዋልን ቴዎሪያ አሉት። ዛሬ በየቋንቋው የሚነገረው «ቲዎሪ» የተወለደው ከዚህ ነው። ስለዚህ ቃሉ በመነሻው ግምት ማለት አልነበረም፤ ማየት ማለት ነበረ። ግእዛችን ነጽሮት ሲል የያዘውም ይህንኑ ሐሳብ ነው።

አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በጽርእ ቋንቋ «ቴዎሪያ» የሚለው ስም የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም በሉቃስ ወንጌል በስቅለቱ ታሪክ ውስጥ ነው (ሉቃ. 23፡48)። በዚያ ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ያየው ትርኢት በዚህ ቃል ተጠርቷል፤ ሕዝቡም የሆነውን አይቶ ደረቱን እየመታ ተመለሰ። ቃሉ በቅዱስ መጽሐፍ ስንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ሲገባ የተሰቀለውን ጌታ ለማየት መዋሉ ሊያስደንቀን ይገባል።

ግሡ ግን በብዙ ቦታ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ ለዲያቆናት የሚቀርበን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ያለው ነው። ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ ሰማያት ተከፍተው፣ የሰው ልጅም በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ እንዳየ ሲናገር የተጠቀመበት ግሥ ከቴዎሪያ ጋር አንድ ሥር ያለው ነው (ሐዋ. 7፡56)። ያየውን ተናገረ፤ ስለ ተናገረውም በድንጋይ ተወገረ። እንደ ጥንቱ መልእክተኛ አይቶ መስክሯል፤ ልዩነቱ የምስክርነቱ ዋጋ ደሙ መሆኑ ነው።

ማየት ብቻውን ግን እንደማይበቃ ያው መጽሐፍ ያስተምረናል። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ አጠገብ ጌታን ቆሞ አየችው፤ ቅዱስ ዮሐንስም በዚሁ ግሥ ይናገረዋል፤ እርሱ እንደ ሆነ ግን አላወቀችም፤ የአትክልቱ ጠባቂ መሰላት (ዮሐ. 20፡14-15)። አየች፣ ካየችው ተነሥታም ገመተች፤ ግምቷ ከእውነቱ ራቀ። በስሟ እስኪጠራት ድረስ ዐይኗ አልተገለጠም። ነጽሮትና መላ ምት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል ጎን ለጎን እንደሚቆሙ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ኀልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር

ቤተ ክርስቲያናችን የሰውን ሥራ ሁሉ በሦስት ትከፍለዋለች፦ ኀልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር። ኀልዮ ማሰብ ነው፤ ነቢብ መናገር ነው፤ ገቢር መሥራት ነው። ንስሐ የሚገባ ሰው በሦስቱም የበደለውን ይናዘዛል። የሚመጸውት ሰውም በጎውን አስቦ፣ ተናግሮ፣ ሠርቶ ይፈጽማል።

ኀልዮ የሚለውን ሲጽፉ ብዙዎች ፊደሉን ይስታሉ። በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈው ኀለየ አሰበ ማለት ነው፤ ኅሊና የሚለው ስም የሚወጣው ከዚህ ነው። በሐመሩ ሐ የሚጻፈው ሐለየ ግን ዘመረ፣ አዜመ ማለት ነው፤ ማሕሌት የሚገኘው ከእርሱ ነው። ስለዚህ ኀላዪ አሳቢ ነው፣ ሐላዪ ዘማሪ ነው። በአማርኛ ንግግር ሁለቱ ሆሄያት ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ በጆሮ አይለዩም፤ በጽሑፍ ግን ሊቅና ደብተራ ተቀያይረው እንዳይገኙ መጠንቀቅ ይገባል። (ሁለቱንም በአንድ ራስ ላይ የያዙ አባቶች ብዙ መሆናቸው ሌላ ነገር ነው።) ይህን የመሰለውን ልዩነት መመርመር የሚሻ ሰው በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስን ቢይዝ መልካም ነው።

በዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች «ኀልዮት» የሚለውን ቃል ለቲዎሪ ትርጕም ይጠቀሙበታል፤ የሥነ ጽሑፍ ኀልዮት ይላሉ። ይህ የተገባ አጠቃቀም ይመስለናል፤ ቃሉ ከኅሊና ጋር ያለውን ዝምድና ስላልበጠሰ።

ነበበ የሚለው ግሥ ደግሞ በግእዝ ተናገረ ማለት ነው። በአማርኛ አነበበ ስንል በመጽሐፍ ያለውን ማየት ብቻ ይመስለናል፤ የቃሉ ሥር ግን ድምፅ ማሰማት ነው። በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደሉን እየጮኸ የሚቈጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ ግሥ «ነባቢት» የሚለው ይወጣል። አባቶች የሰውን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏታል፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ በሕይወት ትኖራለች። በዚህ ትምህርት መሠረት ማሰብና ያሰቡትን በቃል መግለጥ ለጥቂት ሊቃውንት ብቻ የተሰጠ አይደለም። በቃሊቲ ጎዳና ዳር ጎማ የሚለጥፈውም ወጣት ነፍሱ ለባዊትና ነባቢት ናት። «እኛ የጉልበት ሰዎች ነን፣ ሐሳብ የሌሎች ነው» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ያጋጥሙናል፤ ይህ አነጋገር ትሕትና ይምሰል እንጂ የእግዚአብሔርን መልክ በራስ ላይ ማሳነስ ነው።

ነጽሮት የሚገኝበት ቦታ

በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለትም በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ ትርጓሜ፣ መምህራን ዐሥር የቅዱሳን መዓርጋትን ያስተምራሉ። ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ ናቸው፦ ጽማዌ፣ ልባዌ፣ ጣዕመ ዝማሬ። አራቱ የንጽሐ ነፍስ ናቸው፦ አንብዕ፣ ኵነኔ፣ ፍቅር፣ ሑሰት። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው፦ ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞ፣ ነጽሮተ ሥላሴ። ከዊነ እሳትን ጨምረው የሚጠሩም አሉ።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው ቅደም ተከተሉን ነው። ነጻሪ የሚለው ስም ከስምንተኛው መዓርግ በፊት አይገኝም። በፊቱ ያሉት ሰባቱ ዝም ማለት፣ ማስተዋል፣ በጸሎት ጣዕም መጽናት፣ ስለ ኃጢአት ማልቀስ፣ ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት፣ ሰውን ሁሉ ሳያዳሉ መውደድ፣ እንደዚሁም በጸጋ የሚሰጠው ፍጥነት ናቸው። አብዛኞቹ ገቢር ናቸው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት መጀመሪያ ቲዎሪው ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ወደ ወርክሾፕ ወርዶ ተግባሩን ይለማመዳል። በመነኮሳት መጽሐፍ ግን መንገዱ ተገልብጧል፤ የሠራ ሰው ወደ ማየት ይደርሳል። ጌታ በተራራው ስብከት እግዚአብሔርን ማየትን ልባቸው ንጹሕ ለሆኑት የሰጠው ከዚህ ጋር ይስማማል (ማቴ. 5፡8)። ስለዚህ በአባቶች ዘንድ «ቲዎሪ ብቻ ነው፣ ተግባር የለውም» የሚለው ነቀፋ ጨርሶ ሊነገር አይችልም፤ ተግባር የሌለው ሰው ነጽሮት ላይ አልደረሰምና።

ነጽሮተ ሥላሴ ሲባልም የመለኮትን ባሕርይ መርምሮ ማወቅ ማለት እንዳልሆነ መምህራን አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። እግዚአብሔር ለሚወዱት በወደደው መጠን ይገለጣል፤ ለአብርሃም በመምሬ፣ ለኢሳይያስም በቤተ መቅደስ እንደ ተገለጠ። ባሕርዩ ግን ለመላእክትም ቢሆን አይመረመርም። ነጻሪው ያየው የተገለጠለትን ነው፤ ፈልፍሎ ያገኘው አይደለም።

ነባቤ መለኮት

ከሁሉ የከበረው ስም ይህ ነው። በጽርእ «ቴዎሎጎስ» የሚባለውን አባቶቻችን ነባቤ መለኮት ብለው ተረጐሙት፤ ስለ መለኮት የሚናገር ማለት ነው። ታኦሎጎስ ብለውም እንደ ወረደ ተጠቅመውበታል። በቀዳሚነት የሚሰጠው ለወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ ነው። ሌሎቹ ወንጌላውያን ከልደቱ ወይም ከስብከቱ ሲጀምሩ እርሱ ከቀዳማዊ ቃል ስለ ጀመረ፣ ከአራቱ እንስሳ በንስር ይመሰላል። ንስር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ሆኖም አጥርቶ ያያል። ነባቢ የሚለውና ነጻሪ የሚለው በእርሱ ላይ ተገናኝተዋል።

ከእርሱ ቀጥሎ ስሙን የተሸከመው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በቍስጥንጥንያ በአንዲት ትንሽ ቤተ ጸሎት፣ የአርዮስ ወገኖች የከተማይቱን አብያተ ክርስቲያናት ይዘው ሳለ፣ ስለ ሥላሴ አምስት ታላላቅ ትምህርቶች አስተማረ። በ381 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ 150 ሊቃውንት በተሰበሰቡ ጊዜ ከመካከላቸው ነበር። የእነዚያ ትምህርቶች የመጀመሪያው የተጀመረው ስለ መለኮት በቀጥታ በመናገር አይደለም፤ ስለ መለኮት ማን፣ መቼ፣ ለማን፣ እስከ ምን ድረስ ሊናገር እንደሚገባው በማስተማር ነው። በዚያ ዘመን በቍስጥንጥንያ በገበያውና በመታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር ስለ አብና ስለ ወልድ ይከራከሩ ስለ ነበር፣ ነገሩ እንደ ጨዋታ ሆኖ አሳዘነው። ለንግግር ሳይሆን ለመንጻት አስቀድሙ አላቸው።

ከዚህ የተነሣ አንድ የአጠቃቀም ማሳሰቢያ እናቀርባለን። ዛሬ ከመንፈሳዊ ኮሌጅ የተመረቀ ሰው በብዙ ቦታ «ቴዎሎጂያን» ይባላል። እኛም የነገረ መለኮት ዲፕሎማ ይዘናል፤ ዲፕሎማው የተማርነውን የትምህርት ዓይነት ይመሰክራል፤ ከዚህ አልፎ ነባቤ መለኮት አያሰኝም። ለተመራቂው «የነገረ መለኮት ምሩቅ» ወይም «የነገረ መለኮት መምህር» የሚለው ይበቃል። ነባቤ መለኮት የሚለው ግን የቅዱሳን ስም ሆኖ ቢቆይ ይሻላል። በየጉባኤው ማስታወቂያ ላይ በድፍረት ሲጻፍ ማየት ስለ ጀመርን ነው ይህን የምንለው።

ፈላስፋና መናፍቅ

ፈላስፋ የሚለው ከጽርእ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ጥበብን የሚወድ ነው። በኢትዮጵያ ቃሉ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን በገዳማቱ በአክብሮት ተነብቧል፤ የፈላስፎች ምክር በሽማግሌዎች አፍ ይጠቀሳል። በሌላ በኩል «አትፈላሰፍ» ሲባል ተግሣጽ ነው። ይህ ሁለት ፊት ከቅዱስ ጳውሎስ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። በአቴና ከኤጲቆሮስና ከኢስጦይክ ወገኖች ጋር ተነጋግሯል (ሐዋ. 17)፤ እነርሱም በንቀት ለፍላፊ ብለውታል። በጽርእ የተናገሩት ቃል ከመሬት ላይ ፍሬ እየለቀመች የምትኖር ወፍ ስም ነው፤ ከዚህም ከዚያም የለቃቀመውን የሚያወራ ማለታቸው ነበር። ታላቁ ሐዋርያ እንዲህ ከተባለ በዘመናችን በየስብሰባው ይህን ስም የሚወራወሩ ሰዎች ጥቂት ቢያስቡበት አይከፋም።

መናፍቅ የሚለው ቃል ከመንፈቅ ጋር ይዛመዳል፤ መንፈቅ ግማሽ ማለት ነው፤ መንፈቀ ሌሊት እኩለ ሌሊት እንደሚባለው። መናፍቅ እንግዲህ ልቡ የተከፈለ፣ ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን የሚጠራጠር ነው። አርዮስ አላሰበም አይባልም፤ እንዲያውም ብዙ አስቧል። የሳተው ያሰበውን በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ለመመዘን እንቢ ስላለ ነው። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ 318 ሊቃውንት የተሰበሰቡት ይህን ለመመዘን ነበር።

በአገራችን ኀልዮ ከመስመር ሲወጣ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያሳየን የቅባትና የጸጋ ክርክር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሪቱ በደም ከታጠበች በኋላ፣ ስለ ጌታችን መቀባት በሊቃውንት መካከል የተነሣው ክርክር ከ200 ዓመት በላይ ቆየ። የመጀመሪያው ጥያቄ የንባብና የትርጓሜ ጥያቄ ነበረ፤ በጉባኤ ቤት የተነሣ ነገር ነው። ነገር ግን ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ ሸዋን ከፋፈለ፤ ነገሥታት ከወገኖቹ ጋር ቆሙ፤ ሰዎች ተሰደዱ። በመጨረሻ በ1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ ተደርጎ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና። «ቃል ብቻ ነው፣ ምን ያመጣል?» የሚል ሰው ይህን ታሪክ ያንብብ።

ይህን ስንል ግን ማሰብን መከልከላችን አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜያችን ራሱ ሐሳብን በሐሳብ ላይ የሚያቀርብ ነው፤ መምህሩ «አንድም» እያለ አንዱን ንባብ በብዙ መንገድ ይተረጕማል። ተማሪውም ይጠይቃል፣ ይከራከራል። የሚገድበው ነገር ከአባቶች የተቀበለው ንባብና ምሥጢር ነው፤ በዚያ ውስጥ ግን ሜዳው ሰፊ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ

አብዮቱ ሲመጣ የማርክስንና የሌኒንን ትምህርት በአማርኛ ለማስተማር አዳዲስ ቃላት አስፈለጉ። በ1968 ዓ.ም. የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ታወጀ። በየፋብሪካው፣ በአቃቂም ጭምር፣ ሠራተኛው በውይይት ክበብ እየተሰበሰበ «ርዕዮተ ዓለም»፣ «ነጽሮተ ዓለም»፣ «ንድፈ ሐሳብ» የሚሉትን ተማረ። እነዚህን ቃላት ያወጣቸው ሰው ግእዝ የማያውቅ ሊሆን አይችልም። ርዕዮት ርእየ ከሚለው፣ ነጽሮት ነጸረ ከሚለው የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ማየት ናቸው። ከመጽሐፈ መነኮሳት ወጥተው የሥላሴ ስም ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ዓለም ተተካ።

ይህ ነገር ለእኛ የቃል ታሪክ ብቻ አይደለም። ቃላቱ ከቤተ ክርስቲያን ግምጃ ቤት በተወሰዱበት በዚያው በ1968 ዓ.ም. የካቲት ወር ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ ታስረውም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ዐፅማቸው ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ያን ዘመን ያዩ የአካባቢያችን አረጋውያን ዛሬም «ንድፈ ሐሳብ» የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ብንረዳቸው ይገባል። ቃሉ ግን በደለኛ አይደለም፤ ዛሬ በሳይንስም በሕግም መጻሕፍት የሚሠራበት ቃል ሆኗል።

ነደፈ የሚለውን አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ንድፈ ሐሳብ ጥሩ ሥዕል ይሰጣል። ንብ ትነድፋለች፤ መሐንዲስ ሕንፃ ይነድፋል፤ ነዳፊ ጥጥ ይነድፋል። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው ፍሬውን ካወጡ በኋላ በደጋን ይነድፉታል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ ይፈተላል፤ ድርና ማግ ሆኖ ሸማኔው ይሸምነዋል። የተነደፈ ጥጥ ከፍሬው የተለየ፣ የተፍታታ፣ ለፈትል የተዘጋጀ ነው፤ ገና ሸማ ግን አይደለም፤ ከብርድ አያድንም። ቃሉን የፈጠሩት ሰዎች ያሰቡት የመሐንዲሱን ንድፍ ይሁን እንጂ፣ በጨርቃ ጨርቅ ሰፈር ላደገ ሰው የጥጡ ምሳሌ ይበልጥ ያስረዳል።

መላ ምትን ከንድፈ ሐሳብ ስለ መለየት

በሰፈራችን እጅግ የሚጐዳው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ሰው ገና ያልተመረመረ ግምቱን ሲናገር ያ መላ ምት ነው፤ መላ መታ ይባላል። ንድፈ ሐሳብ ግን በሳይንስ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ተፈትኖ፣ ብዙ ነገርን አያይዞ የሚያስረዳና እስካሁን የጸና ትምህርት ነው። ዐይን የማያያቸው ረቂቃን ተሐዋስያን በሽታ ያመጣሉ የሚለው ትምህርት ንድፈ ሐሳብ ይባላል፤ ይሁን እንጂ ሐኪሙ እጁን የሚታጠበው፣ እናት ውኃ የምታፈላው በእርሱ ላይ ተመሥርተው ነው። የአቃቂ ወንዝ ከከተማውና ከፋብሪካው የሚወርደውን ፍሳሽ ተሸክሞ እንደሚያልፍ፣ በዳርቻውም አትክልት እንደሚለማበት የማያውቅ የለም። «ያስታምማል የሚሉት ቲዎሪ ነው» ብሎ ጎመኑን ሳያጥብና ሳያበስል የሚበላ ሰው ቃሉን በተሳሳተ መንገድ ተረድቷል፤ የሚከፍለውም በልጆቹ ጤና ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ራሳቸውን ባለ ራእይ ወይም ተንታኝ ብለው የሰየሙ ሰዎች፣ ጠበል የገባ ሰው የሐኪም መድኃኒት ከወሰደ እምነቱ ጐድሏል የሚል ሐሳብ ከራሳቸው አውጥተው ለሕሙማን ይነግራሉ። ይህ ነጽሮት አይደለም፤ ከአባቶች የተቀበሉት አይደለም። ንድፈ ሐሳብም አይደለም፤ አልተፈተነም። መላ ምት ነው፤ ሰው የሚሞትበት መላ ምት ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፕትርክና ዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ሐኪሙን የፈጠረው ጠበሉን የባረከው ነውና፤ መጽሐፈ ሲራክም ስለ ሐኪም ክብር በምዕራፍ 38 በሰፊው ይናገራል። በቤታችሁ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሕመምተኛ ካለ፣ ይህን ያስተማረው ማን እንደ ሆነና ከየትኛው አባት እንደ ተቀበለው ጠይቁ፤ የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ።

የሴራ ወሬ የሚያወጡትንም በዚሁ መስፈርት ማየት ይቻላል። ወረርሽኙ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ስለ መነሻውና ስለ ፈውሱ ስንት ዓይነት መላ ምት እንደ ተነገረ ሁላችንም እናስታውሳለን። እነዚህን ሰዎች «የሴራ ንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት» ብሎ መጥራት ለስሕተቱ የሊቅ ካባ ማልበስ ነው፤ «ሴራ አውሪ» ወይም «መላ መቺ» ቢባሉ ይበቃል።

በአጠቃቀም ረገድ ለሰንበት ትምህርት ቤት ጸሐፊዎቻችን የምናቀርበው ይህ ነው። በሳይንስ ለሚደክሙት «የንድፈ ሐሳብ ሊቅ» እንበል፤ ስማቸውን በክብር እንጥራ። በሥነ ጽሑፍና በኪነ ጥበብ «ኀልዮት» ይስማማል፤ በብዙኃኑ ኀ ይጻፍ። «ነጻሪ» ብቻውን ሲቆም ለመዓርገ ቅዱሳን ይቀመጥ፤ «ነጽሮተ ዓለም» ግን ሕዝቡ የለመደው ስለ ሆነ በዓለማዊ ጽሑፍ ቢገባ አንከራከርበትም። «ቲዎሪስት» የሚለውን በንግግር የሚጠቀም ሰው ቢኖር አንቈጣውም፤ በጽሑፍ ግን ከላይ ካሉት አንዱ ሁልጊዜ ይገኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።